ስድስቱን ሰምቼ ዘጠኙን የረሳሁበት ማራቶን

ሕመሙ ከአንድ ብር ሳንቲም አይሰፋም ነበር። የግራ ቅልጥሜ ላይ ከውስጥ በኩል፣ ከቁርጭምጭሚቴ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ፣ አውራ ጣቴን ሳሳርፍበት ትንፋሼን የሚያስይዘኝ አንድ ነጥብ ነበር። ከነጥቡ ሁለት ጣት ወደ ላይ ብሄድ ምንም የለም፤ ሁለት ጣት ወደ ታች ብወርድም ምንም የለም። አሁን ሳስበው ግማሹ ምርመራ እዚያው ጣቴ ጫፍ ላይ ነበር። እኔ ግን "የባት ድካም ነው" እያልኩ ከሁለት ሳምንት በላይ ሮጥኩበት።

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ቀን ቀን የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ከመንጋቱ በፊት ደግሞ ሯጭ። በሩጫ እንጀራዬን አልበላም። ሆኖም እስከዚያ ዓመት ድረስ አሥራ አንድ ውድድሮች ላይ ተሰልፌ አንዱንም ሳላቋርጥ ጨርሻለሁ። ይህን አሥራ አንድ የሚል ቁጥር ያዙልኝ፤ ቆይቶ ይፈለጋል። የምጽፈውም በቅርብ ጊዜ ውስጥ ሦስት ሰዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ ስለጠየቁኝ ነው፦ "ተጎድቻለሁ፣ ውድድሩ ደርሷል፣ ልሰለፍ ወይስ ልቅር?" ሐኪም አይደለሁም። የደረሰብኝን ግን በዝርዝር አውቀዋለሁ።

ውድድሩ በጥር መጨረሻ፣ ከእኛ በጣም ዝቅ ባለች ሞቃታማ ከተማ የሚካሄድ ማራቶን ነበር። ለእኔ የመጀመሪያው 42 ኪሎ ሜትር ነው። ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚኖር ሰው ቆላ ወርዶ ሲሮጥ አየሩ የጠገበ ስለሚመስለው ያንን እያሰብኩ ልቤ አስቀድሞ በርሯል። ኅዳር 20 ከልምምድ ጓደኞቼ ጋር በሚኒባስ ጣርማ በር ድረስ ወጣን፤ ዋሻውን አልፈን ወርደን ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ሮጥን። ጉሙ ከገደሉ ሥር እየተነሣ ፊታችንን ያረጥበዋል፤ እግራችን ያለ እኛ ፈቃድ ይፈጥናል፤ እንስቃለን። ቁልቁለት ለሳንባ ዕረፍት ነው። ለቅልጥም ግን እያንዳንዱ እርምጃ መዶሻ ነው። ያን ቀን ያደረግሁት ጫማ ደግሞ ሶሉ አልቆ ተረከዙ በአንድ በኩል ያዘመመ ነበር። "ለውድድሩ አዲስ እገዛለሁ" ብዬ ስቆጥብ የነበረው ገንዘብ በኋላ ለምርመራ ሄደ።

ቁልቁለቱ ብቻውን አይደለም የጎዳኝ። የገና ጾም ኅዳር 15 ገብቷል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቼ በውርጭ እሮጣለሁ፤ ታጥቤ ሥራ እገባለሁ፤ እስከ 9 ሰዓት እህል አልቀምስም። ጾሙን አልወቅስም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ጾሜያለሁ፣ አጥንቴም ችሎታል። ጥፋቱ የእኔ ነው። በሳምንት የምሮጠውን ከ50 ኪሎ ሜትር ወደ 80 ያሳደግሁት በዚያው ወር ነበር። ሰውነቴ የሚጠግንበት ነገር በቀነሰበት ጊዜ የሚጠገነውን አበዛሁበት።

ሌላም አለ፤ እዚህ አካባቢ ሴቶች ሯጮች ጮክ ብለን የማናወራው። የወር አበባዬ ከመስከረም ጀምሮ ቀርቶ ነበር። አንዳንዶቻችን ይህንን የጠንካራ ልምምድ ምልክት፣ እንዲያውም እንደ ግልግል እናየዋለን። ኋላ አዲስ አበባ ያየችኝ ፊዚዮቴራፒስት (የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያ) ስለ ጫማዬ ከመጠየቋ በፊት ስለዚህ ጠየቀችኝ። የሚበላው ከሚወጣው ጉልበት ሲያንስ ሰውነት ቀድሞ ከሚዘጋቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ ከዚያ ጋር አጥንትን የሚያጠነክረው ሆርሞን ይቀንሳል፤ አጥንቱ ይሳሳል። እኅቶቼ፣ ይህ ምልክት ሲመጣ ዝም አትበሉ። እኔ ዝም ብዬ ከፈልኩበት።

ወደ ነጥቡ ልመለስ። መጀመሪያ ሲያመኝ የነበረው ስጀምር ብቻ ነበር፤ ሰውነቴ ሲሞቅ ይጠፋል። ከሳምንት በኋላ ሩጫው ሲያልቅም ቆየ። ከዚያ ደረጃ ስወጣ መጣ። በመጨረሻ ሌሊት አልጋ ውስጥ፣ ምንም ሳልነካው፣ እንደ ልብ ይመታ ጀመር። አሁን ይህን ቅደም ተከተል ሌላ ሰው ሲነግረኝ ወሬውን ሳይጨርስ "አቁም" እላለሁ። የደከመ ጡንቻ ሰፋ አድርጎ ያማል፣ ስታሹት ደስ ይላል፤ ይህ ግን አንድ ቦታ ላይ ይነድፋል፣ ዕረፍት ላይ ሳላችሁም ይነቃል።

መጀመሪያ የሄድኩት ወጌሻ ዘንድ ነው። እጃቸው የተባረከ ሽማግሌ ናቸው፤ ወለምታና ውልቃት ሲያስተካክሉ በዓይኔ አይቻለሁ። ቅልጥሜን በቅቤ አሹት፣ ደጋግመው ተጫኑት፣ በማግሥቱ መርገጥ አቃተኝ። የተሰነጠቀ ወይም ሊሰነጠቅ የደረሰ አጥንት መታሸት የለበትም፤ እሳቸው ይህን በጣታቸው ሊያውቁ አይችሉም ነበር፣ እኔም አልነገርኳቸውም። ቀጥሎ ታኅሣሥ 2 አንድ ክሊኒክ ኤክስሬይ ተነሣሁ። "አጥንትሽ ደህና ነው" ተባልኩ። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም፤ ያንኑ ዕለት ማታ 12 ኪሎ ሜትር ሮጥኩ።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚታለለው በዚህ ወረቀት ነው። በመደጋገም የሚመጣ የአጥንት መሰንጠቅ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት ኤክስሬይ ላይ ብዙ ጊዜ አይታይም። ኤክስሬዩ የሚያሳየው አጥንቱ ራሱን መጠገን ከጀመረ በኋላ የሚፈጠረውን አዲስ አጥንት ነው፤ ወይም መሰንጠቁ ሰፍቶ መስመር ሲሠራ። ስለዚህ "ኤክስሬዩ ንጹሕ ነው" ማለት "አጥንቱ ደህና ነው" ማለት አይደለም። ቀድሞ የሚያሳየው ኤም አር አይ የሚባለው የመግነጢስ ምርመራ ነው። ያነበበልኝን ሰው አልወቅስም፤ ፊልሙ ላይ ያየውን ነገረኝ። እኔ ግን ሌሊት የሚመታውን ነጥብ አልነገርኩትም።

ታኅሣሥ 7 ጠዋት ከቤቴ በር አስፋልቱ ድረስ እንኳ መሮጥ አልቻልኩም። 130 ኪሎ ሜትሩን በሚኒባስ አዲስ አበባ ወርጄ ታኅሣሥ 10 ኤም አር አይ ተነሣሁ። ውጤቱ ከአራቱ የጉዳት ደረጃዎች ሦስተኛው ነው። የስንጥቅ መስመር ገና አልወጣም፤ አጥንቱ ከውስጥ ግን በሰፊው አብጧል። ሐኪሙ እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ "ሩጫ የለም። ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሳምንት" አለኝ።

እኔ ስድስቱን ሰማሁ።

በመመለሻው ሚኒባስ ውስጥ፣ ሸኖ ሳንደርስ፣ በስልኬ ቀን መቁጠሪያ ላይ ሒሳቡን ጨርሼዋለሁ። ከታኅሣሥ 7 ስድስት ሳምንት ሲቆጠር ጥር 19 ይሆናል። ውድድሩ ጥር 28 ነው። ዘጠኝ ቀን ይተርፈኛል! ሙያዬ ሒሳብ ነው፤ በሰው ደብተር ላይ እንዲህ ዓይነት ስሌት ባገኝ በቀይ እሠርዘው ነበር። አንደኛ፣ ዘጠኝ ሳምንት ቢሆን የካቲት 10 ነው፤ ያኛው ቁጥር ከጭንቅላቴ ውስጥ ተሰውሯል። ሁለተኛውና ዋናው ስሕተት ሌላ ነው፦ ስድስትም ሆነ ዘጠኝ ሳምንቱ ሩጫ የሚጀመርበት ቀን እንጂ ማራቶን የሚሮጥበት ቀን አይደለም። ሩጫ መጀመር ማለት ደግሞ አንድ ደቂቃ ሮጦ ሁለት ደቂቃ መራመድ ነው። ሐኪሙ የጀመረልኝን ዓረፍተ ነገር እኔ በራሴ ፍላጎት ጨረስኩት። በኋላ ያነጋገርኳቸው የተጎዱ ሯጮች ሁሉ ይህንኑ አድርገዋል፤ ዝቅተኛውን ቁጥር ይዘው፣ "መጀመር" የሚለውን "መወዳደር" አድርገው ተርጉመውታል።

ከዚያ ምክር ይጎርፍ ጀመር። እኛ ሰሜን ሸዋዎች ስለ ማራቶን ስናወራ አበበ ቢቂላን ሳንጠራ አናልፍም፤ የተወለደባት ጃቶ እዚሁ መንዲዳ አጠገብ ናት፣ የእኛ ነው። ቢሮ ውስጥ፣ ቡና ላይ፣ ታክሲ ውስጥ አንድ ታሪክ ስንት ጊዜ እንደተነገረኝ፦ "አበበ ትርፍ አንጀቱን ተቀዶ ቶኪዮ ላይ አሸንፎ የለ እንዴ! አንቺ ለአንዲት ቅልጥም!" እውነት ነው። በ1957 ዓ.ም. ከቀዶ ሕክምናው ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው ቶኪዮ ላይ ሮጦ፣ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገብቶ የዓለምን ምርጥ ሰዓት አሻሽሏል። ግን ይህን የሚነግረኝ ሰው ሁሉ ከአራት ዓመት በኋላ የሆነውን አይነግረኝም። በ1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ ይኸው አበበ የግራ እግሩ አጥንት ተሰንጥቆ ተሰለፈ፤ ግማሹን እንኳ ሳያጋምስ አቋረጠ፤ ወርቁን ማሞ ወልዴ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ይዞት ገባ። አንድ ሰው፣ አንድ ልብ፣ ያው ጀግንነት። ልዩነቱ የጉዳቱ ቦታ ነው። ሆድ ላይ የተሰፋ ቁስል በየእርምጃው ክብደት አይሸከምም፤ የእግር አጥንት ይሸከማል። ከዚያ ወዲህ ቶኪዮን ለሚጠቅስልኝ ሰው ሜክሲኮን እጨምርለታለሁ፤ አንዳንዱ ይቀየመኛል።

እኔንም ያታለለኝ የራሴ "ቶኪዮ" ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት የተረከዜ ጅማት ታሞ ግማሽ ማራቶን ሮጫለሁ። ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ይገትረኛል፤ አሥር ደቂቃ ስንቀሳቀስ ይለቀኛል። ያኔ የተነገረኝ፣ "ሕመሙን ከአሥር ስጪው፤ ሦስትን ካላለፈና በማግሥቱ ጠዋት ካልባሰ ሩጪ" የሚል ነበር። ሮጥኩ፣ ጨረስኩ፣ በሁለት ቀን ውስጥ ወደ ነበረበት ተመለሰ። አሁንም ቢሆን ያንን ውሳኔ ብደግመው አይቆጨኝም። ስለዚህ "ጉዳት ካለ አትሩጡ" የሚል ሰው አይደለሁም። ብዙ የጅማት ሕመም ልክ በልክ ሲሠራበት ይሻለዋል፤ ከእሱ ጋር መደራደር ይቻላል። አጥንት ላይ ግን "ከአሥር ሦስት" የሚባል ፈቃድ የለም። የሚፈቀደው ዜሮ ነው። እኔ የጅማቱን ሕግ ይዤ አጥንት ላይ ልሠራበት ነበር።

ከአዲስ አበባ በተመለስኩ በሦስተኛው ቀን ከሠራኋቸው ነገሮች ሁሉ የጠቀመኝን አንድ ነገር ሠራሁ፤ ሐሳቡን የሰጠችኝ ፊዚዮቴራፒስቷ ናት። ሕመሙ ዝም ባለበት፣ ውድድሩም ገና ሩቅ በሆነበት ሰዓት፣ በደብተር ቅጠል ላይ ለመሰለፍ መሟላት ያለባቸውን ጻፍኩ። እስከ ጥር 5 አንድ ሰዓት ሙሉ ያለ ምንም ሕመም መራመድ። ከዚያ በኋላ በተጎዳው እግር ብቻ አሥር ጊዜ ስዘል ምንም አለመሰማት። ነጥቡን በአውራ ጣት ስጫነው ዜሮ። ሩጫ ስጀምር፣ በሩጫው ላይም ሆነ በዚያው ሌሊት ዜሮ። እስከ ጥር 18 ከ25 ኪሎ ሜትር በላይ አንድ ረጅም ሩጫ። ከሥሩ፦ "ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ አልሰለፍም" ብዬ ፈረምኩበት። ሩጫ የሚፈቀድልኝ ቢፈጥን ጥር 19 ሆኖ ሳለ ረጅሙን ሩጫ ለጥር 18 መጻፌን ልብ ብላችኋል? ያኔ አላስተዋልኩትም። ወረቀቱ ገና ሲጻፍ መልሱን ይዞ ነበር።

ወረቀቱን ለወንድሜ ሰጠሁት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፣ አብሮኝ ይኖራል፣ ርኅራኄ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ከሰል ምድጃው በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፈው፤ ራት በቀረበ ቁጥር እንደ ዜና አንባቢ ድምፁን አወፍሮ ያነብልኛል። ጭሱ ወረቀቱን ቡናማ አደረገው። እናንተም ብትጽፉ ለሚወዷችሁ ሰው ሳይሆን ለማይራራላችሁ ሰው ስጡት። እናቴ ብትሆን ኖሮ፣ "ተይ ልጄ፣ ካማረሽ ሩጪ እንጂ" ብላ ታስረክበኝ ነበር።

ሳምንታቱ እንዴት እንዳለፉ ብዙ አልልም። አንድ ጂም ውስጥ አሮጌ የማይንቀሳቀስ የስፖርት ብስክሌት ነበር፤ መቀመጫው ይንጫጫል፤ በሳምንት አምስት ቀን ላቤን አፈሰስኩበት። ሳንባና ልብ እንደምንፈራው ቶሎ አይከዱም፤ የመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት የሚወስዱት ጥቂት ነው፣ ብስክሌት ካለ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ስለ ጾሙ የንስሐ አባቴን አማከርኩ፤ ሕመሜን በዝርዝር ከሰሙ በኋላ ወተትና እንቁላል እንድበላ ፈቀዱልኝ፣ በሰዓትም እንዳልወሰን። ጠዋት በሶ፣ ረፋድ ላይ ወተት ሆነ። ወር አበባዬ በጥር ተመለሰ። እውነቱን ለመናገር፣ አጥንቴ እየዳነ መሆኑን የነገረኝ የመጀመሪያው ነገር እሱ ነው።

ጥር 5 የእግር ጉዞውን አለፍኩ። ከዚያ ጥምቀት መጣ። በከተራ ታቦቱን አጅቤ ወረድኩ፤ በማግሥቱም አብሬ ወጣሁ፤ ሰዓታት ቆምኩ፣ ሄድኩ፣ እልልታው ውስጥ ቅልጥሜን ረሳሁት። ማታ ቤት ገብቼ ነጥቡን ስጫነው ጸጥ ብሏል። በአንድ እግሬ አሥር ጊዜ ዘለልኩ፤ ጸጥ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ከደስታ የተነሣ።

ጥር 14 ከሌሊቱ 11 ሰዓት፣ ወንድሜን ሳልቀሰቅስ፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ ወጣሁ። ሣሩ ላይ ውርጩ እንደ ስኳር ተነጥፏል። ሃያ ደቂቃ ሮጥኩ። የሐኪሙ ስድስት ሳምንት እንኳ ገና አልሞላም፣ አንድ ደቂቃ ሮጦ ሁለት መራመድ የሚለውንም ትቼዋለሁ። ምንም አልተሰማኝም። ልቤ እስኪጠፋ ደስ አለኝ። ቀኑን ሙሉ ቢሮ ውስጥ ፈገግ እያልኩ ዋልኩ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ያው መታሁ መታሁ የሚል ነገር ቀሰቀሰኝ። ቀላል ነው፤ ከአሥር ሁለት ብለው ማጋነን ነው። በጨለማው ውስጥ ከወረቀቱ ጋር ተከራከርኩ። "ሁለት ምን አላት? ብርዱ ይሆናል። ለማንም ባልነግርስ?"

በሚቀጥሉት ቀናት ወደ አፌ የመጡትን ማባበያዎች ልዘርዝራቸው፣ እናንተም ታውቋቸው ይሆናል። አንድ ወዳጄ፣ "ጠዋት ዳይክሎፌናክ ትወጊያለሽ፣ 42 ኪሎ ሜትር ምንም አይሰማሽም" አለኝ። ችግሩም እሱ ነው፤ አይሰማኝም። ሕመም ማስታገሻው ስንጥቁን አይደፍነውም፤ የሚነግረኝን አፍ ይዘጋል እንጂ። በዚያ ላይ በሙቀት ውስጥ ለሰዓታት ላብ እያፈሰሱ ይህን መድኃኒት መውሰድ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። ሌላው፣ "ጉዳዩ የጭንቅላት ነው" አለኝ። የእኔው ጭንቅላት ደግሞ ከሁሉም የረቀቀውን አመጣ፦ "ልጀምር ብቻ። ካመመኝ አቋርጣለሁ።"

አሥራ አንዱን ታስታውሳላችሁ። አሥራ አንድ ጊዜ ጀምሬ አሥራ አንድ ጊዜ ጨርሻለሁ፤ አንዱን ውድድር በተቅማጥ፣ አንዱን ጥፍሬ ተነቅሎ። የማቋረጥ ልምድ የለኝም። ሕዝቡ እያጨበጨበ፣ ደረቴ ላይ ቁጥር ተለጥፎ፣ ደሜ ሞቆ፣ ከአሥር ሁለት የሚያመኝን እግር ይዤ 15ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ቆሜ ወደ ጎን የምወጣ ሰው አይደለሁም። ታዲያ ያ "ካመመኝ አቋርጣለሁ" ዕቅድ ነው ወይስ ራስን ማታለያ? ከዚህ ቀደም በእርግጥ አቋርጦ የሚያውቅ ሰው፣ ዙሩ አጭር በሆነና በየዙሩ መውጫ ባለበት ውድድር ላይ፣ ይህን ቢል አምነዋለሁ። ራሴን ግን አላምንም። ደግሞም እንዲህ ዓይነት አጥንት ሁልጊዜ አስጠንቅቆ አይሰበርም።

ጥር 18 አሠልጣኛችን ዘንድ ሄድኩ። ጋሼ ነው የምንለው፤ ብዙ ልጆች ያወጣ ሰው ነው። የጠቆረውን ወረቀት አሳየሁት። ዝም ብሎ አነበበና፣ "ስምሽን አላስሰርዝም፤ እስከ መጨረሻው ቀን እንይ" አለኝ። ደግ ሰው ስለሆነ ነው። እኔ ግን በሩ ገርበብ ብሎ በቀረ ቁጥር ያን ሌሊት ከወረቀቱ ጋር ያደረግሁትን ክርክር አሥር ሌሊት ልደግመው እንደሆነ ገባኝ። "ጋሼ፣ ዛሬውኑ ይሰረዝልኝ" አልኩት። አየት አደረገኝና፣ "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ጥሩ፤ ቁጭ ብለሽ ታጠቂ" አለኝ። ከዚያ ቤት ስወጣ አልቅሻለሁ፣ አልዋሽም። ግን ያን ሌሊት ከኅዳር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠግቤ ተኛሁ።

ይህ ውሳኔ ለሁሉም እኩል እንደማይቀል አውቃለሁ። አብራኝ የምትለማመድ አንዲት ልጅ አለች፤ ለእሷ ውድድር እንጀራ ነው። "አንቺ ደመወዝሽ አለ፤ እኔ ባልሮጥ ምን እበላለሁ?" አለችኝ፤ መልስ አጣሁ፣ ምክንያቱም ልክ ናት። በእሷ ቦታ ብሆን ከዚህ ሁሉ በፊት አንድ ነገር ብቻ ለማወቅ ገንዘብ አወጣ ነበር፦ የተጎዳው የትኛው አጥንት ነው? ብሽሽት ውስጥ የሚያመው የጭን አጥንት አንገት፣ የቅልጥም ፊት ለፊት፣ የእግር ድልድዩ ላይ ያለው ትንሽ አጥንት፤ እነዚህ ደማቸው ትንሽ ወይም ጫናቸው ክፉ ስለሆነ ሙሉ በሙሉ ተሰብረው ለቀዶ ሕክምና ሊዳርጉ ይችላሉ። እዚያ ላይ የዛሬን ሽልማት ለማግኘት መሮጥ የሦስት ዓመት እንጀራን ማስያዝ ነው። የእሷ ጉዳት የጡንቻ መሸማቀቅ ሆኖ ተገኘ። ሮጠች፤ ሸጋ ሰዓት ገባች።

ጥር 28 ጠዋት ብስክሌቱ ላይ ነበርኩ። በየአምስት ኪሎ ሜትሩ አንዱ መልእክት ይልክልኛል። ከሰዓት በኋላ ስልኬን አጥፍቼ ልብስ አጠብኩ።

ከጥር 14ቷ ሌሊት በኋላ ሐኪሙ ተጨማሪ ሁለት ሳምንት ገፍቶልኝ ነበርና ሩጫ የጀመርኩት የካቲት 3 ነው። አንድ ደቂቃ ሩጫ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ፣ አሥር ጊዜ፤ ሣር ላይ፣ አንድ ቀን እየዘለልኩ። ሕፃናት ከኋላዬ እየሮጡ ይቀድሙኝ ነበር፤ አንዱ "እትዬ፣ ደከመሽ እንዴ?" አለኝ። ሕጉ ቀላል ነው፦ ሌሊት ዝም ካለ በቀጣዩ ጊዜ አንድ ደረጃ እጨምራለሁ፤ ከተናገረ ሁለት ደረጃ እመለሳለሁ። ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ። ዐቢይ ጾም ሲገባ እንደገና ፈቃድ ጠይቄ በላሁ። መጋቢት መጨረሻ ላይ ሠላሳ ደቂቃ ሳልቆም ሮጥኩ። ቁልቁለት እስከ ሰኔ አልነካሁም፤ ጣርማ በርን እስካሁን ከመኪና መስኮት ነው የማየው። አዲስ ጫማ ገዝቻለሁ። ጠዋት ጠዋት ከብርድ ልብሴ ሳልወጣ አውራ ጣቴን ያችው ቦታ ላይ አሳርፋለሁ፤ ልማድ ሆኖብኛል።

ስሜ ቢሰረዝም የመሮጫ ቁጥሬ አስቀድሞ ታትሞ ስለነበር ጋሼ ከውድድሩ ሲመለስ ይዞልኝ መጣ። አራት ማዕዘን፣ የማይቀደድ፣ ውኃ የማያበሰብሰው ወረቀት። ምን እንደማደርገው ሳስብ ሁለት ቀን ጠረጴዛው ላይ ተኛ። በሦስተኛው ቀን ወንድሜ የፊዚክስ ደብተሩን ለበደበት።